የጋሼ ተሰማ ጥርኝ

ባለፈው ጥቅምት ዴን ሃግ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ችሎት መሃል ባገኘኋት ዕረፍት አሳንሰር ስጠብቅ፣ አንዲት ረጅም ጠበቃ መጥታ አጠገቤ ቆመች። የተቀባችው ሽቶ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ ጽጌረዳ መሰለኝ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበረበት፤ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የሚያሳፍር፣ ከከብት በረትና ከአሮጌ ሳጥን የተዋጣ የሚመስል ሽታ። ዝባድ ነው። ከእንስሳ የወጣ ይሁን ፋብሪካ የሠራው እኔ ላውቅ አልችልም፤ አፍንጫዬ ግን ከአርባ ዓመት በኋላም አልተሳሳተም። አሳንሰሩ ተከፈተ፣ ሴትዮዋ ገባች፣ በሩን በእጇ ይዛ ብትጠብቀኝም ራሴን ነቀነቅሁና በደረጃው ወረድኩ፤ ሰው ፊት እንዲያ ሆኜ መታየት አልፈለግሁም።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ ሆላንዶች «ቶልክ» ይሉናል። የስደተኛውን ቃል ለዳኛ፣ የዳኛውን ቃል ለስደተኛው ሳቀብል እውላለሁ፤ ምንም ሳልጨምር ምንም ሳልቀንስ ላስተላልፍ እጄን አንስቼ የማልሁ ሴት ነኝ። ባልደረቦቼ በዚህ ነገር ያሾፉብኛል፤ «እሷ እኮ ሰው ሲያስነጥስም ትተረጉማለች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አበዛዋለሁ። ለምን እንደማበዛው ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን የለም፤ ጠያቂ ቢገኝ ኖሮ ምክንያቱ ሮተርዳም ውስጥ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ የተኛች፣ ዓይኗን ያልገለጠች አንዲት ጨቅላ አውሬ ናት እለው ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴን ገና በአራት ዓመቴ አጥቼዋለሁ፤ እናቴና እኔ በሱዳን አድርገን ሮተርዳም ከገባን ሁለት ዓመታችን ሲሆን፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ በሚወጣ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ሆስፒታል ታጸዳለች። ወረቀታችን አላለቀም፤ ከዴን ሃግ የሚመጣውን ደብዳቤ እንጠብቅ ስለነበር ፖስተኛው ደረጃችን ሥር ባቆመ ቁጥር እናቴ የያዘችውን ጥላ ወደ ታች ትወርድ ነበር። ያኔ የነበረን ሐበሻ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሰው ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው «ደብዳቤው መጣ?» እያለ ነበር።

ከእኛ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ባለችው አንድ ክፍል፣ ጋሼ ተሰማ ይኖሩ ነበር። የሊሙ ሰው ናቸው። ሚስትና ልጆቻቸውን ትተው የወጡ፣ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ የሚጠርጉ፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው። ሰው ሁሉ ከአገሩ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ማዕረጉን፣ አንዱ ርስቱን ሲያወራ ይኖራል፤ ጋሼ ተሰማ ይዘው የመጡት የአባታቸውን ሰባት ጥርኞች ነበር። አባታቸው ጥርኝ አሳሪ ነበሩ፤ ጥርኞቹን በእንጨት ቀፎ ውስጥ አኑረው፣ እሳት ዳር አሙቀው፣ ገንፎና ቅቤ እያበሉ፣ ዝባዱን በየጊዜው እየፋቁ በበሬ ቀንድ ሞልተው ለነጋዴ ይሰጡ ነበር። እያንዳንዱ ጥርኝ ስም ነበረው፣ አመል ነበረው፤ አንዱ በቅሎ በደጅ ካለፈ ያን ቀን እህል አይቀምስም፣ አንዱ የሚበላው ከሰው ሁሉ በፊት ካበሉት ብቻ ነው። ክርስትናም ይሁን ለቅሶ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጋሼ ተሰማ ጥርኞቻቸውን ይጀምራሉ፤ ወጣቶቹ በጎን እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ፤ እኔ ግን እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ አንድም ቃል አላስመልጥም ነበር። ጣት የምታክል፣ ዝባድ ያለባት የቀንድ ጫፍ ነበረቻቸው፣ አፏ በሰም የተደፈነ፤ በእንቁጣጣሽ ሰሙን ትንሽ ፈንቀል አድርገው ለኔ ብቻ ያሸቱኝ ነበር። አባት ያልነበራት ልጅ ለዚያ ዓይነት ወግ ምን ያህል እንደምትሰስት ለማንም አልነግርም።

ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ተሰማ የምሳ ዕቃ መያዣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። «ነይ ውጪ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። ክፍላቸው ገብተን ቦርሳውን ሲከፍቱ፣ በሥራ ጓንት ተጠቅልላ፣ ከመዳፌ እምብዛም የማትበልጥ ግራጫ ነገር ነበረች። ዓይኗ እንደተከደነ ነው። በዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል፣ ጭራዋ ላይ ገና በቅጡ ያልለዩ ጥቁር ቀለበቶች። ከአሜሪካ እንጨት የጫነ መርከብ ማራገፊያው ላይ ሲከፈት እናቷ ከግንድ ክምሩ ዘላ ወርዳ በዕቃ ማንሻ መኪና ጎማ ሥር ገባች፤ ጋሼ ተሰማ ጥግ ሲጠርጉ ሦስት ግልገሎች አገኙ፤ ሁለቱ ቀዝቅዘዋል፣ አንዷ ትንፋሽ ነበራት። ከመርከብ የወጣ አውሬ ለአለቃ ከታየ ይገደላል ብለው ስለሚያምኑ ከነጓንታቸው ቦርሳ ውስጥ ከተቷት።

«ጥርኝ ናት» አሉኝ፣ ጓንቱን ገለጥ አድርገው። «እግዜር ላከልኝ።»

ማን ይጠራጠራል? ጭምብሉ የጥርኝ ነው፣ ቀለበቱ የጥርኝ ነው፣ የሚናገሩት ደግሞ ከጥርኝ ጋር ያደጉ ሰው ናቸው። ጥርኝ ከአሜሪካ እንጨት ውስጥ ምን ትሠራለች ብሎ መጠየቅ ከሁለታችንም ራስ አልመጣም።

በዚያች ክፍል ውስጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሊሙ ሕግ ገባ። ጥርኝ ከዓይን ትጠበቃለች፤ እንግዳ ካያት ትደርቃለች፤ ስለዚህ መጋረጃው ተዘጋ፣ በር ላይ ጨርቅ ተወተፈ። ሴት አትጠጋትም፤ ከእናቴ መደበቅ አልተቻለም ነበርና ይህን ስትሰማ እስክታለቅስ ሳቀች። ልጅ ግን ዓይን የለውም ተብሎ እኔ ተፈቀደልኝ። ጥርኝ ሙቀት ትወዳለች፤ ስለዚህ የጋዝ ምድጃው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የጫማ ካርቶኑ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ውጭ ግንቦት ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ግን የጋሼ ተሰማ ሸሚዝ ከጀርባቸው ጋር ይጣበቅ ነበር። ስም ላውጣላት ብል «ዓይኗን ሳትገልጥ ስም አይወጣላትም፤ የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው» አሉኝ፤ እኔም ተደብቄ ብርቄ አልኳት።

ወተት ለብ አድርገው በአፍንጫ ጠብታ ብልቃጥ አጠጧት። ታምሜያለሁ ብለው ከሥራ ቀሩ፤ ሥራ ከጀመሩ አንድ ቀን ቀርተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ከጠጣች በኋላ ጥጥ በሙቅ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ከሆዷ ወደታች ቀስ ብለው ይጠርጓታል፤ የእናት ምላስ መሆኑ ነው፣ ያለዚያ ሽንቷ አይወጣም አሉኝ። ያን ሲያደርጉ እንደዚያ ያሉ እጆች አይቼ አላውቅም። ጣቶቻቸው በመርከብ ዝገት የተሰነጣጠቁ ነበሩ፤ ግን ስትነካካ አንድ ጊዜ እንኳ ጮኻ አታውቅም።

ሦስቱ ቀን እንዲህ አለፈ፤ ዓርብ ዕለት ግን ጋሼ ተሰማ አልጠነከረችም ብለው ወሰኑ፤ ገንፎ አቅጥነው ቅቤ አቀለጡበት። ማርጋሪን አይደለም፤ ማርጋሪንን «የመኪና ግራሶ» ነበር የሚሉት፤ እውነተኛውን ቅቤ ፍለጋ ሁለት ሱቅ ዞረዋል። «ጥርኝ ያለ ቅቤ አትቆምም» እያሉ በጣታቸው ጫፍ አላሷት። ቅዳሜ ሆዷ ተነፋ። እሑድ ተቅማጥ ያዛት። ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ብቅ ስል፣ ብልቃጡን አፏ ላይ ሲያደርጉላት ምላሷን ማውጣት አቅቷት ወተቱ በአገጯ ፈሰሰ፤ ጋሼ ተሰማ ምድጃው ለምን አልሞቀም ብለው ተቆጡ፤ ምድጃው ግን ከዚያ በላይ የሚሞቅበት አልነበረውም። ልትሞት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ያን ቀን በትምህርት ቤት፣ ሌሎች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ ከመምህሬ ጠረጴዛ ጀርባ ካለው መደርደሪያ ትልቁን የእንስሳት መጽሐፍ አውርጄ ጥርኝን ፈለግሁ። አገኘሁት፤ ግን የኛዋ አልነበረችም። ገጹን ሳገላብጥ ያ ጭምብል ካንድ ሥዕል ላይ አፈጠጠብኝ፤ ከሥሩ «ዋስቤር» ይላል፤ በአማርኛ ብንለው አጣቢ ድብ ነው። አሜሪካ ይኖራል፣ ምግቡን ውሃ ውስጥ እያጠበ ይበላል ይላል። መጽሐፉን እንደያዝኩ ማልቀስ ጀመርኩ፤ መምህሬ መጥታ ስትጠይቀኝ ለማንም እንዳትናገሪ የተባልኩትን ጥሼ ነገርኳት።

መምህሬ ስልክ ደወለች። ዴን ሃግ፣ ከአሸዋ ኮረብታዎቹ አጠገብ፣ እናት የሞተችባቸውን አውሬዎች የሚቀበሉ ሰዎች አሉ፤ አዎ ይቀበሏታል፤ ግን ከእሳት ይራቅላት፣ ቅቤውም ይቁም፣ ቶሎ ትምጣ አሉ። መምህሬ እኔ በመኪናዬ ልምጣ ብትለኝ በድንጋጤ እምቢ አልኳት። አድራሻውንና መንገዱን ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ።

መምህሬ ያለችውን ማታውኑ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሳቋ ጠፍቶ ነበር። «ከመርከብ የወጣ አውሬ ነው፤ ያለ ፈቃድ ነው የገባው። ፖሊስ ቢጠይቀን ምን ልንል ነው? እኛስ መቼ ተፈቀደልን? አፍሽን ያዢ» አለችኝ። በማግስቱ ማክሰኞ ለጋሼ ተሰማ መጽሐፉ የሚለውን ስነግራቸው ከካርቶኑ ቀና ሳይሉ አዳመጡኝ። «ድብ የት አገር ነው ልብስ የሚያጥበው?» አሉ መጀመሪያ፤ ቀጥሎ በቀስታ «መጽሐፉን የጻፈው ሰው ጥርኝ አስሮ ያውቃል?» ጨቃጨቅኳቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ «ነገ አለቃው ካልመጣህ ብሎኛል፤ ረቡዕ ግማሽ ቀን ነው የምትማሪው፤ ከትምህርት ቤት እንደወጣሽ መጥተሽ እያት» ብለው የክፍላቸውን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ማንንም ሰው ክፍላቸው የማያስገቡ ሰው፣ ቁልፋቸውን ለኔ ሰጡ።

ረቡዕ እኩለ ቀን በሩን ስከፍት ሙቀቱና የቅቤው ሽታ ገፍቶ መለሰኝ። ብርቄ በጎኗ ተኝታ አፏን ከፍታ በፍጥነት ትተነፍስ ነበር፤ ስነካት ሰውነቷ ይፋጃል፤ አንገቷ አልቆመልኝም። ምድጃውን አጠፋሁ። መጋረጃውን ሳብኩት፤ ስምንት ቀን ሙሉ ያልገባ ብርሃን ገባ። በአንገት ልብሴ ጠቅልዬ ከትምህርት ቤት ቦርሳዬ ደብተር አውጥቼ ውስጡ አስተኛኋትና፣ በሩን ቆልፌ፣ በቤታችን በኩል አልፌ እናቴ ለክፉ ቀን ከምታስቀምጠው ብር ላይ ለባቡር አነሳሁ። ሁለት ደረጃ እንደወረድኩ ከታች የሚወጣ ኮቴ ሰማሁ። አውቀዋለሁ ያንን ኮቴ። ጋሼ ተሰማ አላስችል ብሏቸው ከሥራ ወጥተው መጥተው ነበር።

ደረጃው ለሁለት ሰው አያሳልፍም። እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ቦርሳውን አቅፌ ቆምኩ። ቦርሳውን አዩት፤ እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩት። ይመቱኛል ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ትንፋሽ አላት?» አሉኝ።

«አላት።»

ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አወረዱ። «እኔም በአንቺ ዕድሜ አንዷን ገድያለሁ» አሉ። «አባቴ ግልገል አያሳድግም ነበር፤ ከወጥመድ የሚያመጣው ትልቁን ነው። ተው አይሆንልህም ሲለኝ ደብቄ ያዝኳት።» ባርኔጣቸውን ይዘው ተነሡ። «ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

ባቡሩ ውስጥ ቦርሳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባርኔጣቸውን ከደኑበት፤ የሰው ዓይን እንዳያገኛት ነው፤ በተሸነፉበት ሰዓት እንኳ የአባታቸውን ሕግ አልተውም። ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ጸሎት ያደርሳል። እኔ እጄን ከባርኔጣው ሥር አስገብቼ ጣቴን ጎድኗ ላይ አድርጌ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ትኬት ተቆጣጣሪው መጥቶ ባርኔጣውን ሲያይ ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ፤ በዚያ ዘመን ኮፍያ ያደረገ ሠራተኛ ሁሉ ለኛ ፖሊስ ነው። ሰውዬው ምንድን ነው ብሎ በአገጩ ሲያመለክት ጋሼ ተሰማ ከሚያውቋቸው አሥር የማይሞሉ የሆላንድኛ ቃላት አንዱን መዘው በኩራት «ብሮት» አሉት፤ ዳቦ ማለት ነው። ተቆጣጣሪው መልካም ምግብ ተመኝቶልን ሄደ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ዴልፍት ከተማን ስናልፍ ግን ትንፋሿ ከጣቴ ሥር ጠፋ፤ ቆጠርኩ፣ ጠበቅሁ፣ የለም፤ ጋሼ ተሰማን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም፤ ከዚያ አንዲት ትንሽ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም ዝምታ፤ እንዲህ እያለች ዴን ሃግ ደረስን።

በትራም እስከ መጨረሻው ሄደን፣ የባሕሩ ነፋስ እየገፋን፣ አሸዋማውን መንገድ ሮጥን። ጋሼ ተሰማ ሲሮጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው፤ ኮታቸው እስከ ላይኛው ቁልፍ እንደተቆለፈ ነበር። ከእንጨት አጥር ጀርባ፣ የጎማ ቦት የተጫማች፣ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ፀጉሯን በላስቲክ ያሰረች የእንስሳት ሐኪም ተቀበለችን፤ ጥያቄም አላበዛች፣ ወረቀትም አልጠየቀች፤ ብርቄን ከአንገት ልብሴ ፈትታ፣ በቁራጭ ቃል ረዳቷን እያዘዘች ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ተዘጋ። አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እኔ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ከውስጥ ውሃ ሲፈስ፣ ዕቃ ሲጋጭ ይሰማል፤ የእሷ ድምፅ ብቻ አይሰማም ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ እጇን እያደረቀች ወጣች፤ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ትተርፋለች አለች። ይህን ሳልጠየቅ ጮኼ ተረጎምኩ፤ ጋሼ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ። ከዚያ ሐኪሟ እሳቸውን እያየች፣ ለኔ ግን በሆላንድኛ፣ ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ የተናገረችው ሁለት ነገር ነበር። እኔ ከሁለቱ የመጀመሪያውን ወሰድኩ።

«ቅቤውና እሳቱ ሊገድላት ነበር ትላለች» አልኳቸው። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሞታ ነበር ትላለች።»

ጋሼ ተሰማ የሐኪሟን ፊት አዩ፤ እሷ ፈገግ ብላ መልስ ትጠብቅ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ።

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው» አልኩ።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ አቅርቤዋለሁ፤ ዳኛ ቢጠይቀኝ ኖሮ እንደሚከተለው እመልስ ነበር። ተናድጄባቸው ነበር፤ በዋዜማው እውነቱን ነግሬያቸው በድብ ቀልደውብኛልና። ፈርቼም ነበር፤ ፍርሃት ሲለቅ ደግሞ ቁጣ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ነጭ ጋውን የለበሰችው ሴት ለኔ ነበር የተናገረችው፤ በዚያች ሰዓት እኔ ከአዋቂዎቹ ወገን ነበርኩ፣ እሳቸው ቋንቋ የማያውቁ ቅቤ አቅላጭ ሽማግሌ፤ ያቺ ቦታ ጣመችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር ብዬ ራሴን ላስምር እሞክራለሁ፤ ልጅ ግን የሚያደርገውን አያውቅም የሚሉ ሰዎች ልጅነታቸውን የረሱ ናቸው። አውቄ ነው ያደረግሁት። ከሐኪሟ ቤት ሳንወጣ ጸጸተኝ፤ ትራሙ ላይ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ትራሙ ላይ ባቡሩ ላይ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እሳቸው በባቡሩ መስኮት ሜዳውንና ላሞቹን እንዳዩ ሮተርዳም ገባን። ደረጃው ላይ እጄን ዘረጋሁና ቁልፋቸውን መለስኩላቸው።

ብርቄ ዳነች። በፈረንጆቹ በጋ መጨረሻ የዴን ሃግ ሰዎቹ በመምህሬ በኩል ፎቶግራፍ ላኩልኝ፤ ወፍራለች፣ ዓይኗ እንደ ዶቃ ያበራል፣ ከፊት እግሮቿ መሃል እንቁላል ይዛለች። ወደ ላይ ይዤው ሮጥኩ። ጋሼ ተሰማ በራፉ ላይ ቆመው፣ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። «ደህና ናት» አሉና መለሱልኝ። አሁን ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፤ በቁጣ ቢሆን ኖሮ እኮ እንደገና ማንኳኳት ይቻል ነበር።

የኛ ደብዳቤ በዚያው ክረምት መጣ፤ የእሳቸውም ተከትሎ መጣ። በዓመቱ ጋሼ ተሰማ አምስተርዳም፣ ቢልመር ሰፈር ወዳለ ዘመዳቸው ዘንድ ገቡ። ከዚያ በኋላ የማያቸው በሠርግና በለቅሶ ነበር፤ «ትምህርት እንዴት ነው? እናትሽን አክብሪ» ይሉኛል፣ ግንባሬን ይስሙኛል። ቂም አልያዙብኝም። ይህ ነው የከበደኝ። ነገር ግን ሰው ተሰብስቦ ጨዋታ ሲደራ፣ ወጣቶቹ እንደ ድሮው ሊስቁ ተዘጋጅተው «ጋሼ፣ እስቲ እነዚያን ጥርኞች» ሲሏቸው፣ «ተዉት፣ እኔ ስለ ጥርኝ ምን አውቃለሁ» ይሉ ነበር። የሚቀልዱ መስሏቸው ሰዎቹ ይስቃሉ። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን ተረት እናቴ ስትተርት በሰማሁ ቁጥር ለኔ የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ሞክሬአለሁ። አንድ ጊዜ በሜትሮ ቢልመር ድረስ ሄጄ በራቸው ላይ ደርሼ እንግዳ አግኝቼ ተመለስኩ። መጨረሻ ላይ፣ ታመዋል ሲባል ስልክ ደወልኩ፤ ጆሯቸው ደክሞ ነበር። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሐኪሟ ሌላም ነገር ብላ ነበር» ብዬ ጮህኩ። «ማ?» አሉኝ። «ሐኪሟ!» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሐኪም መጥቶ አይቶኛል» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናቸው። ያቺን የቀንድ ጫፍ ከዕቃቸው መሃል ፈለግናት፤ አልተገኘችም።

በዚያ ጥቅምት ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሥር ቆሜ የጎደለኝን ስቆጥር፣ ከሰባቱ ጥርኞች የአራቱን ስም ብቻ ነው የማስታውሰው፤ ጉራቻ፣ መብረቅ፣ እንቢአለ፣ ቀኛዝማች። ሦስቱን አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም፤ ሊሙም ብሄድ የሚነግረኝ አላገኝም። ጥጡን በሙቅ ውሃ ነክሮ ሆድ መጥረግን ከየት እንደተማሩም አላውቅም፤ ምናልባት ያቺ የገደሏት ግልገል ናት ያስተማረቻቸው፣ ምናልባት እናታቸው፤ ያን ቀን ተጠይቀው ቢሆን ይናገሩት ነበር፣ ጨዋታው ሲጀመር የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ።

ሁለተኛው ችሎት ሊጀመር ደቂቃዎች ቀርተውት ነበር። ቀኝ እጄን ትንሽ ከፍ አደረግሁ፤ ሰው አላየኝም። ጋሼ፣ ሴትዮዋ ከዚያ ቀጥላ የተናገረችው ይህን ነው፤ ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም፦ «እንዲህ ያለች ጨቅላ ያለ እናት ሁለት ቀን አትቆይም፤ ስምንት ቀን በሕይወት ያቆዩአት የእርስዎ እጆች ናቸው። እኔ ይህን ለሠራተኞቼ ለማስተማር ወራት ይፈጅብኛል። እርስዎን ማን አስተማረዎት?»